ቁጥር አርባ ከስክስ

የማኅበሩ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። መጀመሪያ ፎቶ ጎድሏል አለ። ቀጥሎ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም አይነበብም አለ። በሦስተኛው አባቴ ለመዝመቱ ማስረጃ አምጪ አለኝ። መዝመቱን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል ስለው፣ ሰፈር ማኅተም የለውም ብሎ ፎርሙን ወደ እኔ ገፋው። ጫማህ አፉን ከፍቶ ሱቄ የምትመጣበት ቀን አይቀርም፣ ያኔ እንተያያለን አልኩ በሆዴ። ጫማ ሰፊ ነኝ። ሙያውንም ሱቁንም የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ ምላሴን ግን ከእናቴ ነው ይላሉ።

አባዬ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር። የቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበር በጦርነቱ ያለቁትንም፣ ተርፈው ኋላ የሞቱትንም ስም የሚጽፍበት ግንብ እያሠራ ነው፤ ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ያበቃል። እማዬ ይህን በሬዲዮ ከሰማች ወዲህ መቀመጫ አሳጣችኝ። የአባትሽ ስም ካልተጻፈ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እውነቱን ለመናገር ግን የሚያብከነክናት የአባዬ ስም ብቻ አልነበረም። ፎርሙን ልሞላ ስቀመጥ ከብስኩት ቆርቆሮዋ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። በአንዱ ላይ የአባዬ የወታደርነት መለያ ቁጥር ነበር። በሌላው ላይ የጩጬ።

ጩጬ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ጢም ካበቀለ በኋላም ጩጬ ማለቷን አልተወችም። እሱና አባዬ የዘመቱት በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ተጭነው ነው። ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቱ ላይ አሰረችለትና፣ በየትኛውም ሰዓት ብትመጣ ሳታንኳኳ ግባ አለችው። ጦርነቱ ሲያበቃ አባዬ በእግሩ መጣ። ጩጬ አልመጣም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም። አባዬ ሲጠየቅ፣ ገና መንገድ ላይ ነው የለያዩን፣ የት እንደደረሰ አላውቅም አለ፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ስለዚህ እማዬ የበሩን መቆለፊያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አላስቀየረችም። ጩጬ ቁልፍ ይዟላ። መቆለፊያው አርጅቶ መከራችንን ያሳየናል፤ በሩን በትከሻ ካልገፉ፣ ቁልፉን ቀና ካላደረጉ አይከፈትም። በልጅነቴ ስንት ቀን ደጅ ቆሜ አልቅሻለሁ። አባዬ በየዓመቱ ይፈታዋል፣ ይሞርደዋል፣ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ይገጥመዋል። አዲስ ግዛና ገላግለን ስለው፣ እናትሽ አትወድም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሚስቱን ምን ያህል ቢወዳት ነው እያልኩ እቀና ነበር። ለእኔ እንዲህ ያለው ስላልተገኘ ይሁን አላውቅም፣ ሳላገባ ከእማዬ ጋር ቀረሁ።

የጦሩ መዝገብ ቤት ከአንድ አሮጌ ሆስፒታል ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። መዝገብ ያዡ በሹራብ ላይ ሹራብ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። የሰው ፋይል የነበረበት ክፍል በጦርነቱ ማብቂያ ተቃጥሏል አሉኝ። የተረፈው የግምጃ ቤቱ ነው፤ የብርድ ልብስ፣ የኮዳ፣ የድንኳን፣ የጫማ መዝገብ። «ሰው የተጻፈበት ነደደ፣ ዕቃ የተጻፈበት ተረፈ» አሉ። ለስንት ሰው የነገሩት ቀልድ እንደሆነ ያስታውቃል፤ እሳቸውም አልሳቁ፣ እኔም አልሳቅሁ። የአባትሽ ሙያ ምን ነበር ብለው ጫማ ሰፊ ስላቸው ግን ፊታቸው ፈካ አለ። ጫማ ሰፊ ከሆነ ሳይጽፍ አይቀርም፣ እንፈልገዋለን አሉ።

ሱቄን ዘግቼ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠርዙን አይጥ የበላው አንድ ወፍራም ባሕር መዝገብ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ገና ስገልጠው የአባዬን እጅ አወቅሁት፤ ወደ ግራ የተጋደመው ጽሑፉ ራሱ ነው። አባዬ የደንበኛ ስም አይዝም ነበር። ሰውን የሚያውቀው በአረማመዱ ነው፤ ተረከዝ ጨራሹ፣ በውጭ በኩል የሚበላው፣ እግር ጎታቷ። ጦር ሜዳም ሄዶ ያንኑ ሲጽፍ ከርሟል። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ሽፋኑ ላይ «የክፍሉ ጫማ ሰፊ» ተብሎ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ፊርማውም አለ። ሽማግሌው ኮፒ አንስተው ማኅተም መቱበት። ማስረጃው ተገኘ።

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት። ግን ሁለተኛው ቁራጭ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር።

የጩጬን ቁጥር መጀመሪያ ያገኘሁት መሃል ገጾቹ አካባቢ ነው። ሶል ተቀይሯል፤ ቀኙ በአውራ ጣት በኩል ይበላል፤ በድርብ ተሰፍቷል ይላል። በዚያ መዝገብ ሙሉ ሌላ በድርብ የተሰፋ ጫማ የለም። ገና መንገድ ላይ ለያዩን ያለው ሰው ጫማውን እየሰፋለት ነበር ማለት ነው። መግለጤን ቀጠልኩ። ሁለት ወር ያህል አልፎ በአንድ ቀን የገቡ አሥራ አንድ ጥንድ ከስክሶች ተመዝግበዋል። ጫማው ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሌላው ጊዜ ከቁስለኛ፣ ከሟች ወይም ከመጋዘን ይል ነበር። እነዚህ አሥራ አንዱ ላይ ግን «ከፍርደኞች» ይላል።

ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከግንባር ሲጠፉ ተይዘው የተፈረደባቸው ናቸው» አሉ። «ጫማ አልነበረም፣ እህቴ። ከመረሸናቸው በፊት ያስወልቋቸው ነበር። ቶሎ ተጠግኖ ለሌላው እንዲደርስ።»

የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቁጥር የጩጬ ነው። ከቁራጩ ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት፣ ደግሜ አስተያየሁት። ልክ፦ አርባ። ጉዳት፦ የለበትም። የተረከበው፦ የክፍሉ ጫማ ሰፊ። ለተረካቢው እግር፦ ጠባብ ነው። ጽሑፉ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው፤ እጁ እንኳን ትንሽ አልተንቀጠቀጠም።

በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ከአባዬ መቀመጫ በላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ከስክስ አለ። አይሸጥም፣ አይደረግም፤ አባዬ በየጊዜው አውርዶ ቅባት ቀብቶ ይሰቅለው ነበር። ለደንበኛ ሁሉ፣ አባቴ ከጦርነት የተመለሰበት ጫማ ነው እያልኩ እኩራራ ነበር። መንገድ የሚሻገር ሰው አይቼ የእግሩን ቁጥር የምናገር ሰው፣ ያን ጫማ አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም። የገዛ አባቱን ጫማ ማን ይለካል? አውርጄ ገለበጥኩት። አርባ። የአባዬ እግር አርባ ሦስት ነው። የቀኙ ሶል በአውራ ጣት በኩል ተበልቷል፣ ዙሪያውን በድርብ ተሰፍቷል።

ዝም ልል አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። ማኅተም ያለው ወረቀት በእጄ ነው፤ እሱን ሰጥቼ ስለ ጩጬ የተገኘ ነገር የለም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ግን ዛሬ ዝም ብል ነገ እንደሚብስብኝ አወቅሁ። አባዬም የጀመረው እንደዚሁ፣ ለአንድ ቀን ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሱቁን ዘጋሁ።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ እማዬ መስኮቱ ሥር ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ተገኘ ወይ አለችኝ። የአባዬ ተገኘ አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ጩጬስ?»

ጫማውን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ይሄማ የአባትሽ ነው አለች። አይደለም እማዬ፣ ቁጥር አርባ ነው ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ጫማ ማስወለቃቸው ላይ ስደርስ ጋዜጣውን ማጣጠፍ ያዝኩ። ጨርሺው አለችኝ። ጨረስኩት።

አላለቀሰችም። እጇን ጫማው ውስጥ እስከ አንጓዋ አስገብታ ቆየች። ከዚያ አባዬ የመጣ ቀን የሆነውን ትነግረኝ ጀመር። ሃያ ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው። ደጁ ላይ ቁጭ ሲል ጫማው ከእግሩ አልወጣ ብሎ ማሰሪያውን በቢላዋ ቆረጠችው። ካልሲው ሲወልቅ ጥፍሮቹ አብረው ወጡ። ለብ ባለ ውሃ ስታጥበው ውሃው ቀላ፤ ሦስቴ ቀየረችው። ጠባብ ጫማ ሰጡህ እንዴ ስትለው አዎ አላት። ወር ሙሉ መቆም አልቻለም፤ እሷ ደግሞ ያንን ጫማ የሰጠውን ሰው ወር ሙሉ ስትረግም ከረመች።

ለአባዬ ልከራከርለት ፈለግሁ፤ ከእኔ በቀር ማን አለው። «ለአንቺ ብሎ ነው ያመጣው፣ እማዬ» አልኳት። «በእጅ ቢይዘው በየኬላው ይነጥቁታል። እግሩ ላይ ያደረገው እንዳይወስዱበት ነው። ሊነግርሽ አስቦ ነበር።»

«ሃያ ሦስት ቀን ያን መንገድ ችሎ፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ አንድ ቃል እንዴት አቃተው?» አለች። «እግሩን ይዤው ነበር እኮ። እዚህ እጄ ላይ ነበር።»

ቀጥላ ቁልፉስ አለችኝ፤ አንገቱ ላይ ያሰረችለትን ማለቷ ነው። መዝገቡ የጫማ ብቻ ነው አልኳት። ግንቡ ላይ ጩጬን ይጽፉታል ወይ አለች። ፍርደኛ አይጽፉም አልኳት። እንግዲያው ፎርሙን ተይው፣ የአባትሽም ይቅር አለች። ማኅተም ያለውን ወረቀት አጣጥፋ የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ቁልፍ ሠሪውን ጥሪልኝ አለችኝ።

ቁልፍ ሠሪው በዚያው ከሰዓት መጣ። አሮጌውን መቆለፊያ ፈትቶ እያገላበጠ አደነቀ። በዕድሜው ብዛት ያለቀ መስሎት ነበር፤ ሞረድ የነካው ጥርስ፣ ውስጡ ገና ያልደረቀ ግራሶ። ይህን ነገር ሰው በደንብ ይዞት ኖሯል አለ።

«አዎ» አለች እማዬ። «በየዓመቱ።»

አዲሱን ገጥሞ ሞከረው። ያለ ትከሻ፣ ያለ ምንም ተከፈተ። አብረውት የመጡትን ሁለት ቁልፎች ለእማዬ ሰጣት፤ አንዱን ለእኔ ሰጥታ አንዱን መቀነቷ ላይ ቋጠረች። ሰው ለትርፍ ያስቀርጻል፣ ሦስተኛ ልጨምርላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አይ» አለችው። «ሁለት ሰው ነን።»