ለሞርሳ የሚሆን እንጨት

ፈረጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞርሳ ሆኖ አገልግሏል። ሞርሳ ማለት አናጺ እንጨት ሲልግ ወይም ሲቆርጥ ነክሶ የሚይዝለት መሣሪያ ነው። ነስረዲን ግን ሞርሳ ስላልነበረው፣ እንጨቱን የሚይዝለት አንድ ክፍል አብሮት የሚኖረው ፈረጅ ነበር፤ በሁለት ጉልበቱ መሀል ጥርቅም አድርጎ።

ሁለቱም የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። ሻርጃ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት በሚበዛ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል ውስጥ አንዳንድ አልጋ ተከራይተዋል። ነስረዲን ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣ ያራግፋል። ፈረጅ ዱባይ ኡድ ሜታ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ያጸዳል። ነስረዲን አገር ቤት ከአባቱ የተማረውን አናጺነት መተው ስላልቻለ፣ እሁድ እሁድ በረንዳው ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ የጫማ መደርደሪያ ይሠራል።

አንድ እሁድ መላጊያው አመለጠውና የፈረጅን ሱሪ ከነቆዳው ላገው።

«ኸላስ!» አለ ፈረጅ እግሩን ይዞ እየዘለለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከሞርሳነት ለቅቄያለሁ!»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ተንቀሳቀስክብኝ እኮ።»

«ጭራሽ ጥፋቱ የኔ ሆነ? ሂድና እንደ ሰው የብረቱን ግዛ!»

«የብረት ሞርሳ እንጨቱን ያቆስለዋል።»

«እኔን ስታቆስለኝስ?»

ነስረዲን ግን የብረቱን አልገዛም። አባቱ የሚሠራበትን ሞርሳ ራሱ ከወይራ ነበር የሠራው፤ የአባቱ ልጅ ከሱቅ ሊገዛ ነው? እልህ ያዘውና እኔም እሠራለሁ አለ።

በመጀመሪያ መጋዘኑ ከሚጥለው ፓሌት፣ ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ሠራ። ሁለት መንጋጋ አወጣ፣ ወፍራም ቡሎን በመሀላቸው አሳለፈ፣ በዳዶ አጠበቀ። ደስ ብሎት አንድ ጣውላ አስነክሶ ሲያጠብቀው መንጋጋው እንደ ትኩስ ዳቦ ተጨፈለቀ። አንድ ዙር ሲጨምርበት ደግሞ ጉጡ ጋ ሲደርስ ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ፈረጅ ከአልጋው ላይ ሆኖ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው እሁድ ነስረዲን አጅማን ወደሚገኘው፣ የእንጨት ጀልባ ወደሚሠራበት ግቢ ሄደ። እዚያ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ ይሠራ ነበር። በተሰባበረ ዐረብኛ ችግሩን ነገረው። ሽማግሌው ከልቡ ሳቀበት።

«ፓሌት? ፓሌት ለማገዶ ነው» አለው። ከዚያ ከመሬት ስብርባሪ አንስቶ አሳየው። «ጥፍርህን ትከልበት። ጥፍርህ ከገባ ጣለው። ቀጥሎ አንኳኳው፤ ድው ካለ አልደረቀም፣ ኳ ካለ ደርቋል። መስመሩን ደግሞ እይ፤ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው ይሁን። ለሞርሳ የምትፈልገው ጠጣር፣ የደረቀ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ነው።»

«ይሄ የጀልባው እንጨትስ?»

«ይሄ ቲክ ነው፤ ቅባት አለው፣ ኮላ እንደልብ አይዘውም። ደግሞም ብሰጥህ ባለቤቱ እኔን ይልገኛል። ያላ፣ ሂድ ሌላ ቦታ ፈልግ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነስረዲን የዱባይን እንጨት ሁሉ በጥፍሩ መመርመር ያዘ። ፈረጅን ሊጠይቅ ሄዶ የክሊኒኩን በር እየቧጨረና እያንኳኳ ሲያዳምጥ፣ ነርሷ ተራውን የሚጠብቅ በሽተኛ መስሏት «የየትኛው ክፍል ታካሚ ነህ?» አለችው። ቡር ዱባይ ጨርቅ ቤት ገብቶ ከጨርቁ ይልቅ ጨርቁ የተዘረጋበትን ጠረጴዛ ሲደባብስ አስወጡት። የሚሆን እንጨት ጠፋ። ካገኘም ሰው ይሠራበታል።

የሚሆነውን ያገኘው በንግግር መሀል ነው።

የኮምቦልቻ ልጆች የታመመ የሚጠይቁበት፣ ሐዘን የደረሰበትን የሚያጽናኑበት መረዳጃ አላቸው። በወር አንድ እሁድ አጅማን ሮማን ምግብ ቤት ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢው ሀጂ አብዱልፈታህ ናቸው፤ ከዴራ ገበያ ዕቃ በጅምላ ገዝተው አገር ቤት የሚልኩ፣ ደግ፣ ለጋስ፣ አንድ ጊዜ ማይክ ከያዙ ግን አላህ ካልሆነ ማንም የማያስቆማቸው ሰው። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ አንድ አትሮኖስ ገዝተዋል፤ ወረቀታቸውን የሚያስቀምጡበት፣ ክርናቸውን የሚያስደግፉበት፣ አራት ወፋፍራም እግር ያለው።

በዚያ እሁድ ነስረዲን ቦታ አጥቶ አትሮኖሱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሀጂ አርባኛ ደቂቃቸው ላይ ሲደርሱ ጥፍሩን ሳያስበው ወደ አትሮኖሱ እግር ላከ። አልገባም። ቀስ ብሎ አንኳኳ። ኳ! መስመሩን አየ፤ በእስኪብርቶ የተሰመረ ይመስላል። ሳይታወቀው ብድግ አለ።

«ነስረዲን፣ ሐሳብ አለህ?» አሉ ሀጂ።

«አይ ሀጂ፣ ይሄ ነገር... ትንሽ ይወዛወዛል። ወስጄ ልጠግነው?»

እውነትም ይወዛወዝ ነበር። ሀጂ መርቀው ሰጡት።

ነስረዲንና ፈረጅ አትሮኖሱን ሲያወጡት መሕቡባ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። መሕቡባ ሻርጃ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማዳሟ በወር አንድ እሁድ ብቻ ትለቃታለች፤ ያቺ እሁድ ደግሞ በሀጂ ንግግር ታልቃለች።

«ነስሩ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በአላህ፣ አይድንም በለን። ሞቷል በለን።»

ነስረዲን ግን ሌባ አይደለም። ስለዚህ ራሱን ሲያሳምን ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን፣ እግር መቀየርም ጥገና ነው ሲል ወሰነ። አራቱን እግሮች አወለቀ፣ በምትካቸው የፓሌት እንጨት ተከለ፣ ቡናማ ቀለም ቀባቸው። ያወለቀውን በመጋዝ ቆርጦ፣ ልጎ፣ በስቶ ሞርሳ ሠራ። ጣውላ አስነክሶ አጠበቀ። መንጋጋው ንቅንቅ አላለም። ፈረጅ እንኳ ከአልጋው ወርዶ ጣውላውን በሁለት እጁ ቢጎትት አልወጣ አለው።

«ዋላሂ፣ ከኔ ይሻላል» አለ።

ነስረዲን ያን ቀን እንደ ሕፃን ደስ አለው። ደስታው ግን እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ነበር።

ሀጂ አትሮኖሱን ደባበሱት፣ አመሰገኑት፣ ተደገፉት። እስከ ሰላሳ ደቂቃ ድረስ ሰላም ነበር። ከዚያ ስለ አንድነት መናገር ጀመሩ። «ወገኖቼ! መከራ ቢመጣ፣ ነፋስ ቢነፍስ፣ ጸንተን መቆም አለብን!» ብለው በቡጢ ሲመቱት ጧ አለ። አትሮኖሱ ተንበረከከ፤ ሀጂም ተከትለውት ሄዱ፤ ከፊት የነበረው የሳምቡሳ ትሪ ላይ አረፉ።

ማንም አልሳቀም። ማለትም መሕቡባ ሻሿን አፏ ውስጥ ከታ ወደ ግድግዳው ዞረች እንጂ ድምፅ አላሰማችም።

ሀጂ ምንም አልሆኑም። ተነሥተው ጺማቸው ላይ የቀረውን ምስር አራገፉና የምግብ ቤቱ ባለቤት ሮማን ላይ አፈጠጡባት። «ስታጥቢ ውሃ እያስነካሽ አበሰበስሽው አይደል?»

ነስረዲን አንገቱን ደፋ። ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። ግን ሴትየዋ በሱ ጥፋት ስትወቀስ መቀመጥ አቃተው።

«እሷ አይደለችም፣ ሀጂ» አለ ተነሥቶ። «እኔ ነኝ። እግሩን ቆርጬ ሞርሳ ሠርቼበታለሁ።»

«እግሩን?» አሉ። «እኔ በቁሜ እያለሁ?»

በማግስቱ ሀጂ ስድስቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው መጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ በረንዳው ላይ ቆሙ። ሞርሳውን ዞረው አዩት፤ እጀታውን አዞሩ፤ ጣታቸውን አስገብተው ሲያጠብቁት ጮኹና ቶሎ መልሰው ፈቱት።

«ስንት እንጨት አለ በዚህ አገር» አሉ ጣታቸውን እየነፉ። «የኔን ለምን?»

«ያልሞከርኩት እንጨት የለም፣ ሀጂ። ጠጣር፣ የደረቀ፣ ቀጥ ያለ የርስዎ ብቻ ነው። ዋላሂ፣ እንደሱ ያለ አላየሁም።»

ሀጂ ፊታቸው ሊኮሳተር ነበር፤ አልሆነላቸውም። እንጨቴ ተመሰገነ ብለው ውስጥ ውስጡን ሳይደሰቱ አልቀሩም።

«እሺ። በአንድ ወር ውስጥ አዲስ አትሮኖስ ትሠራልኛለህ። ካልደረሰ ቀጣዩን ስብሰባ እዚህ እናደርገዋለን፤ አንተ ክፍል።»

ፈረጅ ገና ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። «እንጨት ፍለጋ አሁኑኑ እንሂድ» አለ።

የሻርጃን የኢንዱስትሪ ሰፈር ለሁለት አሰሱት። እንጨቱን የመረጠው ፈረጅ ነው፤ እየቧጨረ፣ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየለጠፈ። ነስረዲን ሠራው። ፈረጅ፣ ቁመቱን እስከ ሀጂ ጉልበት አድርገውና ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው «በቃ» ይላቸዋል ብሎ ለመነው፤ መሕቡባም ይህንኑ ደውላ ለመነች። ነስረዲን ሐሳቡን ወደደው። ነገር ግን ሜትሩን ሲዘረጋ እጁ እምቢ አለው፤ አጥሮ የተሠራ ዕቃ ከእጁ እንዲወጣ አልፈለገም። ትክክለኛውን ቁመት ሰጠው።

በወሩ ስብሰባ ሀጂ አዲሱን አትሮኖስ ተደገፉት፣ በቡጢ መቱት፣ በክርናቸው ተጫኑት። ንግግራቸው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስለ ነስረዲን የእጅ ሙያ ማውራት ጀመሩ። መሕቡባ ከማዶ ሆና ነስረዲንን ትገላምጠዋለች። እሱ ግን አላያትም፤ ዐይኑ አትሮኖሱ መጋጠሚያ ላይ ነበር፤ ሀጂ በመቱት ቁጥር ይደነግጣል፣ እንዳልተነቃነቀ ሲያይ ደግሞ ፈገግ ይላል።