ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

እናኑን ቁስቋም ሁሉ ያውቃታል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ እናኑ ትጠራለች፤ አንዳንድ ቤት እንዲያውም ተራው ይገለበጣል። ቄሱ ነፍሱን ይፈታል፣ እሷ ደግሞ ሟቹ ሰው እንደነበረ ትመሰክራለች። ሸጋ አልቃሽ ናት። ንፉጉን ቸር፣ ፈሪውን ጀግና አድርጋ ስትሸኘው የሟቹ ጠላት ሳይቀር እንባው ይመጣል።

ይህችው ምላስ በገና ቀን ሌላ ሥራ አላት። ቁስቋሞችና የማዶው ደብር ሰዎች ቀሐዎች በቀሐ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ እናኑ ሴቶቹን አስከትላ አፋፉ ላይ ትቆማለች። ጥንጓን አግኝቶ ለለጋት ግጥም፣ ለሳታት ስድብ አላት። ደግሞስ በዚያ ቀን ማን ሊቀየማት? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ ሰው ሐዘኑን ከላዩ አራግፎ መሳቅ በጀመረበት በዚያ ዘመን፣ የቁስቋም ገና ያለ እናኑ ጨው የሌለው ወጥ ነበር።

ያለ ፋንታሁንም እንዲሁ። ፋንታሁን የለተ ማርያም አንድ ልጅ ነው። አባቱን ጦርነቱ በላው፤ እናቱ ፈትል እየፈተለች አሳደገችው። ቤታቸው ከእናኑ ቤት የሚለየው በአጥር ነው፣ አጥሩም ስሙ ነው እንጂ ፍም የሚቀባበሉበት ሽንቁር አለው። እናኑ አልወለደችም። «ልጁ የኔ ነው፣ አንቺ ያማጥሽልኝ ነሽ» እያለች ለተ ማርያምን ስታስቅ ኖራለች። ልጁም ከሁለቱም ቤት እየበላ አደገ።

ዱላውን ጨብጦ ሜዳ ከገባ ጀምሮ ቁስቋም ተሸንፎ አያውቅም። ሲሮጥ ጥንጓ ከዱላው ጫፍ ላይ የተሰፋች ነው የምትመስለው። ስሙን ግን አገር ያወቀው በእናኑ ግጥም ነው። ኮላ ድባ ገበያ የወረደ የቁስቋም ሰው እህሉን ሳይሸምት «ያ ፋንታሁን ደህና ነው?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ሴቱም ወንዱም የሚያዜምለት ይህችን ነበር፦

እናቱ ጓሮ ላይ የበቀለው ዋርካ፣
ቁስቋምን በሙሉ ያስጠልለዋል ለካ።

እንዲህ እንዳለ ፋንታሁን ሽታዬን አገባ። ሽታዬ የቀሐ ልጅ ናት። ለዚህ ማንም አልከፋውም፤ ሙሽራ ከማዶ ማምጣት ምን ነውር አለው? ነገር የመጣው ሙሽራው ራሱ ማዶ ሲሻገር ነው። የሽታዬ አባት አያ በላቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ወንድ ልጅም ስለሌላቸው በሬዎቹ ክረምት ከበጋ ቆመው ሊቀሩ ሆነ። ፋንታሁን ሞፈሩን ተቀብሎ እዚያው ቀረ። እዚያው ቀረ ማለት እዚያው አስቀደሰ፣ የዚያው ሰንበቴ ገባ ማለት ነው። ሰው ደግሞ ገና የሚጫወተው ለሚያስቀድስበት ደብር ነው። ይህን ደንብ ሕፃን ያውቀዋል፤ እናኑም ታውቀዋለች። ማወቅና ሆድ መቀበል ግን ለየቅል ናቸው።

በቁስቋም ሰንበቴ ላይ ክርክር ሆነ። የቁስቋም ተጫዋቾች አለቃ ውዱ፣ ቁጣው ከአፍንጫው የማይርቅ ሰው፣ እኛ በትከሻችን ተሸክመን ያነገሥነው ሰው ለባዳ ዱላ ሊያነሳ ነው እያለ ጠላውን ሳይጠጣ ተነሳ። የማኅሌቱ መሪ፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ልጁ ያገባው ሚስት ነው እንጂ ጠላት አይደለም፤ ያን ሁሉ ገና አስጨፍሯችሁ ኖሮ እናንተ ደግሞ አንድ ገና ቻሉለት አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እናኑ ዞረ። እሷ ጠላዋን መጠጣቷን ቀጠለች። ቅያሜው ግን አልለቀቃትም ነበር። ፋንታሁን ሲሄድ አጥሩ ሽንቁር ድረስ መጥቶ ቢሰናበታት እኮ ይቀላት ነበር። አፍሯት እንደሆነ አላወቀችም፤ የናቃት መሰላት።

ገና ደረሰ። ፋንታሁን ከቀሐዎች መካከል ቆሞ ሲታይ ከቁስቋም በኩል አንድም ሰው አላፏጨም፣ አልሰደበም። ለተ ማርያም እንደ ዓመቱ ሁሉ ነጭ ለብሳ መጥታ ወዴት እንደምትቆም ጨነቃት። ከወዲህ ብትቆም በልጇ ላይ፣ ከወዲያ ብትቆም በአገሯ ላይ። ላም እሳት ወለደች እንደሚባለው ሆነባትና ከሁለቱም ርቃ በወንዙ ላይ ካለው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ቆመች።

መጀመሪያ ላይ ፋንታሁን እጁን ሰብስቦ ነው የተጫወተው፤ ያየ ሰው ያውቃል። ወደ ማታ ግን ጥንጓ ራሷ ተንከባልላ እግሩ ሥር መጣች። ሰው የተፈጠረበትን እንዴት ይተዋል? ለጋት። ወሰኑን አልፋ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ነጠረች፤ ቁስቋም ተሸነፈ።

ቀሐዎች እየጨፈሩ የተሸናፊን ስድብ ጀመሩ። በደንቡ ቁስቋሞች ይህን አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው፣ ስቀው፣ አብረው ጠጥተው መለያየት ነበረባቸው። ውዱ ግን ፋንታሁን ጥሎት የሄደውን የድሮ ዱላ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ሊሰብረው አስቦ። እናኑ ያን ዱላ ስታይ አንድ ነገር በአሳቧ መጣ። ዱላውን ተቀበለችው፣ በነጠላ ገነዘችው፣ ጎበዞቹን ቃሬዛ ሥሩ አለቻቸው። ከዚያ የራሷን ነጠላ አዘቀዘቀች፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን አወረደችው፦

ቁስቋም አፋፉ ላይ የነበረ ዋርካ፣
ቀሐ ወንዝ ወሰደው፣ ሥር የለውም ለካ።

ቁስቋም ሁሉ በሳቅ እየፈረሰ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ተቀበላት። ዱላውን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ፊታቸውን እየነጩ በማስመሰል፣ ወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። መሪጌታ ወልደኢየሱስ እየሮጡ መጥተው እጇን ያዟት።

«እናኑ፣ ለቆመ ሰው ሙሾ አይወረድም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

እሷም እየሳቀች በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብላ መለሰችላቸው። ፋንታሁን ራሱ መጀመሪያ ስቆ ነበር፤ ቀልድ የሚያውቅ ልጅ ነው። ሳቁ የቆመው እናቱን ሲያይ ነው። ለተ ማርያም ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ፣ ማንንም ሳታናግር፣ ድልድዩን ወደ ኋላ ትታ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። እናኑም አየቻት። ነገ አስቃታለሁ ብላ አለፈችው።

ነገሩ እዚያው በገና ቢቀር ኖሮ ምን ነበረበት! ሰው ግን የጣመውን ቀልድ አይጠግብም። ፋንታሁን በሳምንት አንድ ቀን እናቱን ሊያይ፣ እንጨቷን ሊፈልጥላት በድልድዩ ይመጣል። ድልድዩ ራስ ላይ ወይራ አለ፣ ወይራው ሥር የቁስቋም ወንዶች ተቀምጠው ይውላሉ፤ ሴቶቹም ውኃ ሲቀዱ ገንቧቸውን አውርደው እዚያ ያርፋሉ። እሱ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል እርስ በርሳቸው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ሙት ሰላም አይባልም፤ ቀብረነዋል ይላሉ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

አንድ ቀን እናኑ ገንቧን አውርዳ ወይራው ሥር ተቀምጣ ሳለ መጣ። ወንዶቹን ተዋቸውና እሷ ፊት ቆመ።

«እትየ እናኑ» አላት፣ «እስኪ አንቺ እንኳ በስሜ ጥሪኝ።»

የዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ከስቷል። አፏ «ልጄ» ለማለት ተከፍቶ ነበር። ውዱና ጓደኞቹ ግን ምን ትል ይሆን ብለው ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ እሷ ደግሞ ምን ጊዜም ቢሆን ሰው ዓይን ዓይኗን ሲያያት ማሳቅ የማይቀርላት ሴት ነበረች። በፋንታሁን ትከሻ ላይ አሻግራ ወንዙን አየችና «ምነው ዛሬ ድልድዩ ላይ ነፋሱ በረታ» አለች። ወንዶቹ በሳቅ ወደቁ። ፋንታሁን ወደ እናቱ ቤት መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ በድልድዩ አላለፈም። ከታች፣ ከብት የሚሻገርበት መልካ አለ። በዚያ ተሻግሮ፣ በጓሮ በኩል ወጥቶ እናቱ ቤት ይገባል፤ ሰው ሳያየው ደግሞ ይመለሳል። እናኑ በአጥሩ ሽንቁር የመጥረቢያውን ድምፅ ትሰማለች። ዛሬ ልውጣና ይቅር በለኝ ልበለው ትላለች፤ ነገ ትላለች። ለሰው ሁሉ አፍ የሆነች ሴት ለራሷ አንድ ቃል አጣች።

ነሐሴ ገባ። ሰማዩ ተቀደደ ቢባል ይቀላል። የለተ ማርያም ጣራ ያፈስስ ጀመርና ልጄ ድረስልኝ ብላ ላከችበት። ፋንታሁን ለጣራው ክዳን ሰንበሌጥ አስሮ፣ ተሸክሞ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ እየተመታ መጣ። ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር። ድልድዩን ከሩቅ እያየው ወደ መልካው ወረደ። በዚያ ቀን ወይራው ሥር ማንም አልነበረም። በዚያ ዝናብ ማን ይቀመጣል? ውዱም ቤቱ እሳት ዳር ነበር፣ እናኑም ቤቷ ነበረች። ድልድዩ ባዶውን ነበር።

በማግሥቱ ከብት ጠባቂዎች ከታች ሸለቆው ውስጥ አገኙት። የሰንበሌጡ ጠፍር ከትከሻው አልወለቀም ነበር።

ለቅሶው ቀሐ ሆነ፤ የሚያስቀድሰው እዚያ ነውና የሚቀበረውም እዚያ ነው። ቁስቋም አንድም ሰው ሳይቀር ተሻገረ። ውዱ ከሬሳው ፊት ሲደርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽታዬ ፀጉሯን ተላጭታ ታቃስታለች። አያ በላቸው በዱላቸው መሬቱን እየዳበሱ ልጄን ወዴት አደረጋችሁት ይላሉ። ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ደጀ ሰላሙ ፊት ወጣ፤ ለቀስተኛው ክብ ሠራ። አልቃሽ እየጠበቁ ነው። ያለ ሙሾ የተቀበረ ሰው ዘመድ እንደሌለው ይቆጠራል፤ የቀሐ አልቃሾችም እናኑ ባለችበት አፋቸውን አይከፍቱም።

እናኑ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ክቡ መካከል ገባች። ሌሊቱን ሙሉ ግጥም ስትፈልግ አድራለች። የሚመጣላት አንድ ብቻ ነው። ቀሐ ወንዝ ወሰደው፤ ቀሐ ወንዝ ወሰደው። ሌላ ቃል የለም፤ ያልነበረውን ሁሉ ስትናገር የኖረች ምላስ የእሱን ድርሻ በሳቅ ጨርሳዋለች። ደረቷን ልትደቃ እጇን አነሳች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ያቺኑ ግጥም በልቡ እያለ እንደሚያያት ታውቃለች።

ለተ ማርያም ከሬሳው ራስጌ ተነሳች። ቀጭን ናት፣ ድምፅ የሌላት ሴት ናት፤ በሰው ለቅሶ ከመቀበል በቀር አውርዳ አታውቅም። መጥታ የእናኑን እጅ ያዘችና ቀስ አድርጋ ወደ ታች አወረደችው።

«አንቺ አልቅሰሽለታል» አለቻት። «አሁን የኔ ተራ ነው።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እናኑ ትችለው ነበር። ለተ ማርያም ወደ ልጇ ዞራ፣ ዜማውን እየሳተች፣ እንደ ነገሩ አወረደችው፦

እኔ ልጅ ነበረኝ በድልድይ ሚመጣ፣
ሰላም የሚለው ሰው ከሰፈሩ ታጣ።

አልቃሽ ሲያወርድ ለቀስተኛ መቀበል አለበት፤ ደንብ ነው። እናኑ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ተመልሳ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀባዮች መካከል ቆመች። «ከሰፈሩ ታጣ» አሉ ሴቶቹ። እሷም አለች። ለተ ማርያም ሌላ ግጥም አታውቅምና ይህንኑ ደግማ ደጋግማ አወረደች፤ እናኑም በየተራው፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ፣ ከሰፈሩ ታጣ እያለች ተቀበለች። ውዱና ጓደኞቹም ተቀበሉ። አፈሩ እስኪመለስ ሌላ ሙሾ አልተሰማም።

ወደ ማታ ቁስቋሞች ለተ ማርያምን አጅበው ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ወንዶቹ ግራና ቀኝ ቆመው መንገድ ለቀቁላት፤ እግዜር ያጥናሽ ይላሉ፣ ቀና ብሎ የሚያያት ግን የለም። እናኑ ልትደግፋት ፈርታ፣ ልትለያትም አቅቷት ከኋላዋ ትከተላለች። ለተ ማርያም ድልድዩ መካከል ቆመች። መጀመሪያ ከታች የደፈረሰውን ወንዝ፣ ቀጥሎ የድልድዩን ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ከዚያም ወደ ኋላዋ ዘወር አለች።

«እናኑ» አለቻት፣ «ድልድዩ እኮ ሰፊ ነው።»

ለተ ማርያም መልስ ሳትጠብቅ መንገዷን ቀጠለች።