በፈቃዱ ጀርመን የሆነ ጊዜ

በፈቃዱ በዕድሜው ሙሉ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነበር። መንገድ የምትመራው የስልኩ ሴትዮ «አልፈኸዋል፣ ተመለስ» ስትለው እንኳ «ይቅርታ እመቤቴ» ብሎ ነው የሚታጠፈው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ክፍሌ ሸተተኝ ብሎ የሚሰድበውን እንግዳ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ፣ እየተለማመጠ ሌላ ክፍል ያስገባዋል። ሚስቱ ህይወት «ይህ ሰው ቤቱ ሌባ ቢገባ፣ ቁጭ በል ብሎ ውሃ ያቀርብለታል» ትላለች።

እንግዲህ የናዚ መኮንን ሁን የተባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጁ ያኔት ናት። ያኔት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስትሆን፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ቴአትር ቤት የተዋንያኑን ልብስ ታዘጋጃለች። በዚያ ሰሞን የሚለማመዱት ቴአትር ስለ ሁለት የአይሁድ ቤተሰቦች ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ከተማቸውን ሲይዙ፣ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ከዱቄት መጋዘኗ ኋላ የሐሰት ግድግዳ አሠርታ ትደብቃቸዋለች። መጨረሻ ላይ አንድ መኮንን መጥቶ ግድግዳውን ያገኘዋል፣ ይወስዳቸዋል። ታዲያ መኮንኑን የሚጫወተው ሰውዬ ሪችመንድ ሥራ አገኘና ጥሏቸው እብስ አለ። የቀረው ዩኒፎርሙ ብቻ ነው፤ እሱም የረጅም ሰው ልክ ነበር።

«ዳድ፣ አንተ ቶል ነህ። ጃኬቱ ፐርፌክት ይሆንሃል። ፕሊስ!» አለችው ያኔት።

«እኔ ደግሞ ምን ቴአትር አውቃለሁ ልጄ?»

«ገብተህ ትጮሃለህ፣ ግድግዳውን ታገኛለህ፣ አለቀ! ዛትስ ኢት።»

ሰው አስቀይሞ ስለማያውቅ እሺ አለ።

አዘጋጇ ማርጎ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ እርሳሷን ጸጉሯ ላይ ሰክታ እርሳሴ የት ገባ ስትል የምትውል። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ በፈቃዱ በሩን በጣቱ ቀስ አድርጎ አንኳኳ። ቦቲ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠረገ። ከዚያ ለዳቦ ጋጋሪዋ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና «ሳልጠራ በመምጣቴ ይቅርታ» አላት። እንዲህ የሚል ቃል ድርሰቱ ውስጥ የለም።

«በፈቃዱ!» አለች ማርጎ። «የመጣኸው ሰዎቹን ልትወስድ እኮ ነው። ፎጣ ልትቀይርላቸው አይደለም!»

ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ሙከራ ጮኸ ሲባል ድምፁ ተሰበረና አሳለው። የተደበቁት ውሃ ይዘውለት ከግድግዳው ኋላ ወጡ።

ከተደበቁት መካከል አያትየውን የሚጫወቱት ሌኒ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። የእሳቸው እናት ራሳቸው በልጅነታቸው ፖላንድ ውስጥ ምድር ቤት ተደብቀው የተረፉ ናቸው። በዕረፍት ሰዓት በፈቃዱን ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ስማ፣» አሉት፣ «ደግ ሰው መሆንህን አይቻለሁ። ግን አትዘንልኝ። አንተ ካላስፈራኸኝ ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደተደበቀ ለማን ይገባዋል?»

ይህች ነገር ልቡ ገባች። በፈቃዱ መጮህ ሊማር ቆረጠ።

በመጀመሪያ መኪናው ውስጥ ሞከረ። ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ተዘጋግቶ በቆመበት መስኮቱን ዘጋና «ክፈቱ! ሁላችሁም ውጡ!» እያለ መሪውን ይደበድብ ጀመር። ከጎኑ የቆመ ባለታክሲ ለካ አበሻ ኖሯል፤ መስኮቱን አውርዶ በእጁ ጠራው። «ወንድም ዓለም፣ ከሚስትህ ጋር ነው? ስልኩን ዝጋውና አረፍ በል። ነገ ታወሩታላችሁ» አለው። በፈቃዱ አመሰገነው።

ቀጥሎ ቤቱ፣ ሻወር ውስጥ፣ ውሃውን ለቆ መለማመድ ያዘ። ውሃው ግን ድምፅ አልከለለም። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ ጎረቤቱ ኪራኮስ፣ ከፈለ የሚባል ወዳጁን አስከትሎ፣ ሁለቱም ኮት ለብሰው ሳሎን ቁጭ ብለው አገኛቸው።

«እንዲያው ለሰላምታ ያህል ነው» አለ ኪራኮስ። ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼም በፈቃዱ፣ ባልና ሚስት መሃል ነገር አይጠፋም። ሰይጣንም አያርፍም። ግን ትናንት ‹ሁላችሁም ውጡ!› ስትል በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ህይወት የት ትሂድልህ? ያውም አሮጊት እናቷን ይዛ!»

«ኧረ እኔ…»

«እግሯ ላይ ውደቅ አንልህም» አለ ከፈለ። «ይቅርታ ማለት ብቻ ይበቃል።»

ህይወት ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ሳቋን በፎጣ አፍና ይዛለች። በፈቃዱ ግራና ቀኙን አይቶ በሹክሹክታ ነገሩን አስረዳቸው። ከፈለ «ናዚ? አንተ?» አለና እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

በሹክሹክታ የሆነው በምክንያት ነው። አማቱ ወይዘሮ የወይንሐረግ ከጎን ክፍል ነበሩ። ለእሳቸው የተነገራቸው «በፈቃዱ ባለሥልጣን ሆኖ ይሠራል» የሚል ብቻ ነው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው «ድሮስ ቁመናው የሹም አይደል!» ብለው፣ ለማኅበር ጓደኞቻቸው በሙሉ ደውለው ተናግረዋል።

የመጀመሪያው ትርኢት እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር። ወይዘሮ የወይንሐረግ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ የማኅበሩን ሴቶች አስከትለው መጡ። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰው የፊተኛውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ህይወት እናቷ አጠገብ ተቀምጣ እንግሊዝኛውን በጆሯቸው ትተረጉምላቸዋለች፤ እሳቸው ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ፤ ወሬው እንዲህ እየተቀባበለ ረድፉ ጫፍ ሲደርስ ሌላ ታሪክ ሆኖ ነው። ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ነገሩ ስለ ዱቄት መወደድ መስሏቸው ነበር።

ቢሆንም ቴአትሩ ያዛቸው። ሁለቱ ቤተሰቦች አንዲት ድንች ሲካፈሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሕፃኑ ሊያለቅስ ሲል «እሽሽ፣ እሽሽ» አሉ፤ ሕፃኑ አሻንጉሊት ነው። ሌኒ በጨለማው ውስጥ ጸሎት ሲያደርሱ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ «አሜን» አለ።

ከዚያ የቦቲ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ተደባቂዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። በሩ ተበረገደና መኮንኑ ገባ።

«ክፈቱ! ሁላችሁም ውጡ!»

አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። በፈቃዱ ራሱ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ከመጋረጃው ኋላ ማርጎ በደስታ ቡጢዋን ጨበጠች። በፈቃዱ ዳቦ ጋጋሪዋን ገፈተራት (በልምምድ ጊዜ ያልደፈረው ነገር ነው)፣ ባዶ ጆንያ በእግሩ መታ፣ ወደ ግድግዳው አመራ። ደስ አለው። ሆነልኝ አለ በልቡ።

«ህይወት፣» አሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ ከታች፣ «ይሄ የኛ በፈቃዱ አይደለም?»

«ነው እማዬ፣ ዝም በይ።»

«ምን ሊያደርግ ገባ?»

«ሊይዛቸው።»

«እነዚያን ምስኪኖች?»

ወይዘሮ የወይንሐረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ።

«በፈቃዱ!»

«አቤት እማማ!» አለ የናዚው መኮንን፣ ቆቡን አውልቆ።



«ምን እየፈለግህ ነው?»

«እ… ሰዎች።»

«እዚያ ማንም የለም! ዱቄት ነው!»

«እማማ፣ ቴአትር እኮ ነው…»

«ቴአትር ቢሆንስ? ልጄን የሰጠሁህ የሰው ጓዳ እንድትበረብር ነው? እናትህ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«ውጣ!» አለች አንዷ የማኅበር ሴት። «ውጣ ከዚያ!» ሌላዋ ቀጠለች። የኋላ ረድፍ አሜሪካኖች ይህም የቴአትሩ ክፍል መስሏቸው ወደፊት ዘመም ብለው ያዳምጣሉ። በፈቃዱ ወደ መጋረጃው ቢያይ ማርጎ በሁለት እጇ ግድግዳውን እያመለከተች ነው። ወደ ታች ቢያይ አማቱ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። አብሮት የገባው ወታደር ተጨንቆ እጅጌውን ሳብ አደረገው።

«ጌታዬ፣ ግድግዳው…» አለው በእንግሊዝኛ።

«ምን ሆነ?» አለ በፈቃዱ ቆፍጠን ብሎ። «ግድግዳ ነው። ግድግዳ አይተህ አታውቅም? እዚህ ማንም የለም። እንሂድ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀጥሎ የምትለው ጠፋት። ለሃያ ዓመት መድረክ ላይ ስትሠራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። በጭንቀት አንድ ዳቦ አነሳችና «ይ… ይውሰዱ ጌታዬ?» አለችው።

«የለም፣ በልቼ ነው የመጣሁ።»

«እባክዎ።»

«ኧረ ግድ የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሞቴ!» አለች አንዷ ከፊተኛው ረድፍ፣ ልማድ ሆኖባት። በዚህ ጊዜ ተቀበለ። ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ ስለ በሩ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። የማኅበሩ ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት።

ችግሩ የተደበቁት ሰዎች ናቸው። ግድግዳውን የሚከፍተው መኮንኑ ነበረ፤ መኮንኑ ደግሞ ዳቦ ይዞ ሄዷል። ከውስጥ ሆነው ድርሰቱ ላይ የሌለ እልልታ ሰምተው፣ ምን መጣ ብለው ተቃቅፈው ይጠብቃሉ። መብራት የሚቆጣጠረው ሰው ማብራትም ማጥፋትም ቸገረው። ዳቦ ጋጋሪዋ ወለሉን መጥረግ ጀመረች።

ይሄኔ ወይዘሮ የወይንሐረግ በመድረኩ ደረጃ ወጡና ግድግዳውን አንኳኩ። «ውጡ ልጆቼ፣ ሄዷል» አሉ። ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ።

ተደባቂዎቹ እንደተለማመዱት ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ቆመዋል። ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚያዩት ነጭ የለበሱ አጭር አሮጊት ነው። ወይዘሮ የወይንሐረግ እጃቸውን አንድ በአንድ ይዘው አወረዱላቸው። ጉንጫቸውን ሳሙ። ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው በሌኒ መዳፍ ላይ ዘገኑላቸው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉ ሌኒ በእንግሊዝኛ፣ ግራ ተጋብተው።

«ብላ ልጄ፣ ብላ» አሏቸው በአማርኛ። ሌኒ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በሉ።

መብራቱ በመጨረሻ ጠፋ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። አንድ ሰውዬ በመውጫው ላይ ማርጎን አቁሞ ነጭ የለበሱት ሴቶች መላእክት መሆናቸውን ጠየቃት። ማርጎ እርሳሷን እየፈለገች ነበር።

ከመድረክ ኋላ በፈቃዱ ዳቦውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት። ያኔት «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ» እያለች ፊቷን ሸፍናለች። ማርጎ ግን አልጮኸችም። «ቆንጆ ነበር፣» አለችው ደክሟት። «ግን ታሪኩ እንዲህ አላለቀም። እንዲህ አልቆላቸው ቢሆን ኖሮ ቴአትሩን አንሠራውም ነበር።» በፈቃዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን እሱም ያውቃል። ያፈረው ለዚህ ነው።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለሱ፣ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ በፈቃዱ እንደምንም ደፍሮ አፉን ከፈተ።

«እማማ፣ ሰዎቹ በእውነተኛው ታሪክ ተይዘዋል። ይህን ለሰው ለማሳየት ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ በመስኮት እያዩ። «ልጅ አደረግኸኝ? ወንድሜን ኪዳንን በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ከተደበቀበት ቆጥ ያወረደው ወታደር የሰፈራችን ልጅ ነበር። የወታደሩ እናት ገበያ ሄደው ነው እንጂ ቤት ቢኖሩ በስሙ ይጠሩት ነበር። ቢጠሩት ምን እንደሚያደርግ እንጃ። ዛሬ ግን አየሁ። አቤት አልኸኝ።»

ህይወት ከኋላ ወንበር እጇን ወደፊት ዘርግታ የእናቷን ትከሻ ያዘች። አጎቷ ኪዳን እንዴት እንደተያዘ እስከዚያ ቀን ሰምታ አታውቅም ነበር። በፈቃዱ መውጫውን አለፈው። የስልኩ ሴትዮ ተመለስ አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ነዳ።

ማርጎ የመኮንኑን ቦታ ፎልስ ቸርች በምትባል ከተማ ለሚኖር፣ ቀይ ጢም ላለው ግዙፍ ፖስተኛ ሰጠችው። በፈቃዱን ግን አላባረረችውም፤ ለዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የሚያመላልስ ሠራተኛ አደረገችው። ቃል የለውም። ጆንያውን አስቀምጦ፣ ቆቡን ነካ አድርጎ ይወጣል። ይህን የመሰለ ዱቄት አመላላሽ አሌክሳንድሪያ አይታ አታውቅም ይላል ኪራኮስ፣ ሁለት ጊዜ ሄዶ አይቶታል።

ወይዘሮ የወይንሐረግ በሚቀጥለው እሑድ መምጣት የተፈቀደላቸው ከኋላ ረድፍ ሊቀመጡና ከወንበራቸው ላይነሱ ቃል ገብተው ነው። ፖስተኛው በሩን በርግዶ ሲገባ የህይወትን ክንድ ጨመቁ።

«ስሙ ማን ነው?»

«አላውቅም እማዬ።»

«ታውቂያለሽ። ንገሪኝ።»

ህይወት አልነገረቻቸውም። ግድግዳው ተከፈተ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እጃቸውን ሰቅለው ወጡ፣ ተወሰዱ። አዳራሹ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ወይዘሮ የወይንሐረግ በነጠላቸው ተሸፋፍነው አለቀሱ፤ እስከ መጨረሻው ግን ቃላቸውን ጠብቀው ከወንበራቸው አልተነሱም።

በኋላ ሁሉም ተያይዘው ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳና እራት መሃል የሚበላውን ሊበሉ ሄዱ። ፖስተኛው በሕይወቱ እንጀራ ቀምሶ አያውቅም ነበር፤ ወይዘሮ የወይንሐረግን ፈርቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተሸጉጧል። እሳቸው አጠገባቸው አስቀመጡት። ለሌኒ አጎረሱ፣ ለማርጎ አጎረሱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ ገርመም አድርገው አዩትና፣ አንድ መናገር የሚከለክል፣ ጢሙን የሚያዳርስ ጉርሻ አጎረሱት። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር «ገና አንድ ይቀራል» አሉት።