ደብሪቱና የጓሳው አዳራሽ

የደብሪቱ ቤት ክዳን የፕላስቲክ ሸራ ነው። «ጓሳችንን እንጠብቅ!» ይላል። ደብሪቱ ፊደል ስላልቆጠረች ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጣ ዘረጋችው፤ ስለዚህ በጀርባዋ በተጋደመች ቁጥር ምክሩ ከነቃለ አጋኖው ፊቷ ላይ ተደቅኗል።

ሸራውን ያገኘችው ወረዳው አምና ካከበረው በዓል ተርፎ ነው። ጣራዋን ያጣችው ግን በራሷ ጥፋት ነው። በዚያ የመንዝ ደጋ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር አራት ዓመት ይዘጋል። አባ ቀራው፣ ማለት ሕዝቡ የጓሳው አለቃ አድርጎ የመረጠው ሽማግሌ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ተከፍቷል» ብሎ እስኪያውጅ ድረስ ማጭድ የሚያሳርፍበት የለም። ያሳረፈ ሰው የቤቱ ክዳን ተገፎ ሜዳ ላይ ይቃጠላል። ደብሪቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያፈስ ጣራዋ ቢያስመርራት አምና ሁለት ሸክም አጨደች፣ ተያዘች፣ ተገፈፈች። አባ ቀራ ወልደ አማኑኤል ክዳኗን ሲያወርዱ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። በማግስቱ እነዚያው የገፈፏት ጎረቤቶች ገብስ ይዘውላት መጡ።

አንድ ደንብ ደግሞ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ሲቀጣ ክዳኑን ለመግፈፍ መሰላሉን ቀድሞ የሚወጣው መጨረሻ የተቀጣው ሰው ነው። ቂም እንዳይቋጥር ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ደብሪቱ ግን እውነቱን ለመናገር ተራዋን በጉጉት ነበር የምትጠብቀው።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የአካባቢ ጥበቃ ቀን በዚያች ቀበሌ እንዲከበር ተወሰነ። ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና አዳራሽ አስፈለገ። ቆርቆሮ ይሁን ሲባል የበዓሉ ኃላፊ አቶ ይታየው እጁን አወዛወዘ። እንግዶች ባህላዊ ነገር ይወዳሉ፤ በጓሳ ይከደን አለ። ጓሳው ዝግ መሆኑ ሲነገረው «በልዩ ሁኔታ ይታያል» ብሎ አየውና ፈቀደው። ከሌላ ወረዳ የመጡ ሠራተኞች በሳምንት ውስጥ ሰባ ሸክም አጨዱ። ጓሳን ስለመጠበቅ የሚመከርበት አዳራሽ የሚጠበቀውን ጓሳ ለብሶ ከደብሪቱ ደጃፍ ማዶ ጉብ አለ።

ሽማግሌዎቹ አቤት ሊሉ ሄዱ። አቶ ይታየው ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ስማቸውን በቃለ ጉባኤ አስመዘገበ። ባህላዊ ሕጋቸው በጣም የሚከበር መሆኑን፣ እንዲያውም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ እንደሚጻፍ ነገራቸው። አመስግነው ተመለሱ። ምን እንዳመሰገኑ የገባቸው መንገድ ላይ ነው።

የመሰላሉን ደንብ ግን አንድ ሰው ሹክ ሳይለው አልቀረም፤ አቶ ይታየው በማግስቱ ጎንበስ ብሎ የደብሪቱን ቤት ገባ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎን የመሰለ ሴት በሸራ ሥር? ከአዳራሹ የተረፈ አሥር ሸክም ጓሳ አለ። ባለሙያም እልካለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ይከደንልዎታል።»

«በምን ምክንያት?»

«በሞዴልነት።»

«ከኔስ ምን ይፈለጋል?»

«ምንም። በዓሉ እስኪያልፍ ቤትዎ አረፍ ማለት ብቻ።»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደብሪቱ ሁለት ቀን አሰበችበት። ጓሳው የሚከፈተው ለጥር ነው፤ እስከዚያ አንድ ሙሉ ክረምት አለ። ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል። አሥሩን ሸክም ከሩቅ በዓይኗ ለካችው፤ እስከ ታዛው ይበቃል። እሺ ልትል ነበር። ከዚያ የአባ ቀራው እንባ ትዝ አላት። ሕጉ ለቢሮ የማይሠራ ከሆነ፣ እሷ አምና የተቀጣች ሳይሆን የተዘረፈች ናት። ያ ሁሉ ብርድ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።

ዓርብ ጠዋት ከአባ ቀራው ደጅ ቆመች። «አባ፣ መሰላሉን ያውጡልኝ።»

«ልጄ፣ እነሱ እኮ መንግሥት ናቸው።»

«የኔን ክዳን ሲገፍፉ ባል የላትም ብለው ተዉልኝ?»

ሽማግሌው ተነሡና መሰላሉን ራሳቸው ተሸከሙ። የሰማ ሁሉ ተከተላቸው። የአዳራሹ ዘበኛ የዚያው አገር ልጅ ነውና ማንም ሳያዘው መሰላሉን ደግፎ ያዘ። ደብሪቱ ቀድማ ወጣች። እስከ ከሰዓት ክዳኑ ወርዶ አለቀ፤ ሜዳ ላይ ተከምሮ እሳት ተለቀቀበት። የተረፈውን አሥር ሸክም እየተሸከመች የጨመረችው ራሷ ናት፤ የመጨረሻውን ስትወረውር ግን ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች።

ቅዳሜ እንግዶቹ ደረሱ። የአዳራሹ ጣራ ማገርና ወራጁ ብቻ ቀርቷል። አቶ ይታየው ላብ በላብ ሆነ፤ ቢሆንም ማይክራፎኑን ጨበጠ። «ክቡራን እንግዶች፣ ጣራው ክፍት የሆነው የአሠራር ግልጽነታችንን እንዲያሳይ ታስቦ ነው!» ተጨበጨበ።

ሪፖርቱ ገና ከግማሽ ሳይደርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ቅርብ ያለው ቤት የደብሪቱ ነው። ሱፍ የለበሰው ሁሉ እየተጋፋ ገባ፤ በግ ሲያድርበት እንኳ እንደዚያ አልሞላም። አንዱ እንግዳ ቀና ብሎ ሸራውን አነበበና ፊቱ በራ።

«መልእክቱ እስከ ቤተሰብ ድረስ ወርዷል!» ብሎ ፎቶ አነሣ።

አቶ ይታየው ወደ ደብሪቱ ጆሮ ተጠጋ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው። «ምናለ አሥሩን ሸክም ወስደው ዝም ቢሉ?»

«ጥር ላይ ሲከፈት ከሰው እኩል አጭዳለሁ» አለችው። «አሁን ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፣ እዚያ ያፈሳል። ደግሞ እንዳይረሱ፤ ካሁን በኋላ ሰው ሲቀጣ መሰላሉን ቀድመው የሚወጡት እርስዎ ነዎት።»