የመርሃዊት ኮሸሽላ

ካዛንቺስ የቀረነው ጥቂት ቤቶች ነን። ኤክስካቫተሩ የጎረቤታችንን ግድግዳ እየናደ ነው፤ ቀጥሎ ተራው የእኛ ነው። ባለቤቴ መርሃዊት ዕቃው ተጫነ አልተጫነ ጉዳይዋ አይደለም። የምታስበው አጥሩ ሥር ስለቀበርናት ልጃችን ብቻ ነው።

ልጃችን ከዓመታት በፊት ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። እንዲህ ያለ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ ድንኳን አይጣልለትም፤ ለእድርም አይነገርም። በጨርቅ ጠቅልዬ እኔው ቀበርኳት። መርሃዊት እሾሁን ፈርቶ ውሻ አይቆፍራትም ብላ፣ ከእንጦጦ ኮሸሽላ ከነሥሩ አምጥታ ተከለችባት። በበጋ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ያቆጠቁጥና ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ አናቱ ላይ ቀይ ድቡልቡል አበባ ያወጣል። ዘንድሮም አብቦ ነበር።

ሰው ገለል ሲልልን ቆፍረን ልጃችንን ይዘን ልንሄድ ነበር ሐሳባችን። የእድራችን ሰዎች ግን መች ለደግነት ይታማሉ! ዕቃ በመሸከም ሊያግዙን በጠዋት ከች አሉ። ቁም ሳጥኑን ይዘን ስንወጣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አብርሃ ገጀራ ይዘው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

"መኪናው እንዲገባ ያንን እሾህ ጨፍጭፌ፣ አጥሩንም አንስቼ ደለደልኩላችሁ" አሉ ደስ ብሏቸው።

አጥር የለ፣ ጥግ የለ። የጭነት መኪናው ሁሉንም ረግጦ ጭቃ አድርጎታል።

"ማን አድርጉ አለዎት?" ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ለመስደብ ምንም አልቀረኝም።

መርሃዊት በጣቶቿ መቆፈር ጀመረች። "ልጄ እዚህ ናት፣ ጋሽ አብርሃ! ክርስትና ሳትነሳ የሞተችው ልጄ!"

ገጀራው ከእጃቸው ወደቀ። "ምነው ብትነግሩን? እኛ ሰው አይደለንም?" አሉና ተንበርክከው አብረዋት ቆፈሩ። ሌሎቹም አካፋ አነሱ። ኤክስካቫተሩ የጎረቤቱን ቤት ጨርሶ ወደ እኛ ዞረ።

"ስለ ሕፃኑ ቂርቆስ ብለህ፣ ትንሽ ታገሠኝ!" አለችው መርሃዊት ሾፌሩን። ሞተሩን አላጠፋም፤ ግን ቆመ።

በመጨረሻ የተቆረጠው የኮሸሽላ ሥር እጄ ላይ መጣ። ወፍራም ነው። ተከትለነው ወረድን፤ ከበሰበሰ የጨርቅ ብጣሽ በቀር ያገኘነው አፈር ብቻ ነው። መርሃዊት ያንን አፈር በነጠላዋ ቋጠረችው።

ጋሽ አብርሃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእድሩ ሰዎች ከኋላቸው ተሰለፉ። "እንግዲህ ዛሬ እንሸኛታለን" አሉ። "አልቅሺላት ልጄ። ስሟን ጥሪ፣ እኛ እንቀበልሻለን።"

መርሃዊት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

ስም የምናወጣላት ክርስትና ስትነሳ ነበር።