የተሰፋው ኪስ

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰና ጃኬቱን አንስቶ አራገፈው።

“ና ልበሰው። ከዛሬ ጀምሮ ያለህ ኪስ አንድ ነው።”

ታናሽ ወንድሙ አንድ ጫማ አጥልቆ ሌላውን ከስፌት መኪናው ስር ይፈልግ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ክሮች ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

“ጋሼ፣ ሰማያዊው ክር ከሌላው ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?”

“ጫማህን ፈልግ።”

“እውነቴን ነው። ሁልጊዜ ነው የማየው።”

“የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ስለሆነ ነዋ። አሁን ጫማህን!”

ልጁ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ይማራል። ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ማስመሪያ፣ ያልጣለው ነገር የለም። በዚህ ዓመት ሁለት ሥራዎችን ሠርቶ ጨርሶ፣ ሁለቱንም በቀናቸው ሳያስረክብ ቀርቷል። ሦስተኛው የዛሬው ነው። ንድፉን ከምሳ በፊት ክፍል ውስጥ ካላቀረበ ከትምህርት ክፍሉ ይሰናበታል። የኮሌጁ አማካሪ አስጠርታ አነጋገረችውና ሐኪም ዘንድ ላከችው። ሐኪሙም ነገሩ ስንፍና ሳይሆን የትኩረት ችግር ነው፣ አብሮት የተወለደ ነው አለ። “እያንዳንዱ ዕቃህ አንድ የታወቀ ቦታ ይኑረው” ብላ መከረችው አማካሪዋ።

ልብስ ሰፊው ይህን በሰማ ጊዜ ደስ አላለውም። እንዲያውም ከነከነው። እሱ ሲማር አማካሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አርጩሜ ነበር። አንድ ቀን ከመስኮቱ ውጭ ጣራ የሚጠግኑ ሰዎች እያየ ሳለ አስተማሪው ጠየቁት፤ አልሰማም። “የዚህ ልጅ ቀልብ ጠፍቷል፤ እስቲ ፈልጋችሁ አምጡለት” አሉ። ተማሪው ሁሉ እየተንጫጫ ከዴስክ ስር ገባ። አንዱ “አገኘሁት!” ብሎ የተረገጠ የብርቱካን ልጣጭ ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ስሙ “ልጣጭ” ሆነ። ዛሬም በዚህ ስም የሚጠሩት አሉ። ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ ግን “ጌታው” ይሉታል።

የአማካሪዋን ቃል ንቆም ቢሆን እንዳለ ወሰደው። አንድ ቦታ ካለች አንድ ኪስ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ የጃኬቱን ኪሶች አንድ በአንድ ሰፍቶ ዘጋ፤ የቀኙን ብቻ ተወለት።

“ቁልፍ?” አለው አሁን በሩ ላይ አቁሞ።

“ገባ።”

“ስልክ? መታወቂያ?”

“ገቡ።”

“ንድፉ ያለበት ፍላሽስ?”

“ቦርሳዬ ውስጥ ነው።”

“አይተኸዋል?”

“አዎ… ማለት፣ እንዳስገባሁት ትዝ ይለኛል።”

“ትዝ ይልህ እንደሆነ አልጠየቅሁህም” ሊለው ነበር፤ ልጁ ግን ወጥቶ ሄዷል።

ልብስ ሰፊው ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። አንድ ቀሚስ ጀመረ፤ ሳይጨርስ የአንድ ሸሚዝ አንገትጌ አነሳ፤ እሱንም አስቀምጦ መርፌ መፈለግ ያዘ። ስልኩ ሲጮህ መርፌውን ከንፈሩ መሃል አገኘው።

“ጋሼ፣ ፍላሹ የለም።” የልጁ ድምፅ ቀጥኗል። “ቦርሳውን ገለበጥኩት። ላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ደግሞ ኮሌጁ በየቀኑ ያጠፋዋል። አማካሪዋ በኢሜይል ለራስህ ላከው ብላኝ ነበር፤ ረሳሁ።”

“አንተ ልጅ! ምን ብዬህ ነበር?” ብሎ ጀመረ። “ምን ብዬህ…”

አልጨረሰውም። ትናንት የውስጥ ኪሱን ሊዘጋ ሲል አንዲት ደንበኛ የተበላሸ ዚፕ ይዛ ገብታ ነበር። ከእሷ ጋር እያወራ እጁ ሥራውን ቀጠለ። ከጨርቁ ስር አንድ ጠጣር ነገር መርፌውን ገፋ አድርጎት ነበር፤ ገበሩ ነው ብሎ አለፈው። የደንበኛ ልብስ ላይ መርፌ ከማሳረፉ በፊት ኪሱን ይፈትሻል። ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። የወንድሙን ጃኬት ግን ሳይፈትሽ ሰፋው።

“ጋሼ? አለህ?”

“የውስጥ ኪስህን ቅደደው” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ምላጭ ከማንም አይታጣም። ግን አላለውም። ስንት ዓመት ሙሉ ልጁን ሲቆጣ፣ ሲመክር፣ ሲፈትሽ የኖረ ሰው ነው።

“ተራህ መቼ ነው?”

“መጨረሻ አድርገውልኛል። ከዚያ በላይ አይጠብቁኝም።”

“እመጣለሁ” አለና ዘጋው።

ስፌት መተርተሪያውን ይዞ ወጣ። ልጁ በምላጭ ቢቀደው ገበሩን ያበላሸዋል እያለ ለራሱ ሰበብ ደረደረ፤ ሰበቡ ግን እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ እንኳን አላደረሰውም። አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ሁለቴ አውጥቶ መልሶ ከተተው። ወርዶ እየተጣደፈ ሳለ የአንድ ልብስ ሱቅ ሠራተኛ መስኮቱ ውስጥ ላለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ኮት ስታለብስ አየ። የኮቱ ትከሻ ስፌት የለውም። እጅጌው በምን ተያዘ? ጠጋ አለ። ከኋላው ይሆን? ሴትዮዋ አሻንጉሊቱን እስክታዞርለት አንገቱን አስግጎ ቆመ። በኋላ ከመስታወቱ ውስጥ የራሱን መልክ ሲያይ ደነገጠ። ምን ያህል እንደቆመ አላወቀም።

የቀረውን መንገድ ሮጠ።

“መታወቂያ” አለ የኮሌጁ ዘበኛ።

ሽርጡን ዳበሰ። መታወቂያው ሱቅ ቀርቷል።

“ወንድሜ ጋ ነው የምሄደው። ፈተና ላይ ነው።”

“ያ በእጅህ የያዝከው ስለት ምንድን ነው?”

“ስፌት መፍቻ ነው።”

“ፈተናው የስፌት ነው?”

“አትቀልድ ወንድሜ፣ ልጁ ሊባረር ነው።”

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየው። “እሺ፣ መታወቂያ ከሌለህ በምትኩ ምን ትተህ ትገባለህ?”

ልብስ ሰፊው ያኔ ነው መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ያወቀው። አውልቆ ሰጠው።

ክፍሉን አገኘው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ውስጥ አየ። ተማሪዎቹ ዴስክ ስር ገብተዋል። አንዷ ተንበርክካለች፤ አንዱ ቦርሳ ያራግፋል፤ ወጣቱ አስተማሪ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ወንድሙ መሃላቸው ቆሞ ጫማውን ያያል። ልብስ ሰፊው “ልጣጭ” የሚለውን ሳቅ ጠበቀ።

ሳቅ አልመጣም።

“መስኮቱ ጋ አየህ? ቅድም እዚያ ቆመህ ነበር” አለች የተንበረከከችው ልጅ።

“ላብራቶሪ ደውዬ ነበር፣ እዚያም የለም” አለ ቦርሳ የሚያራግፈው።

“ልጆች፣ በቃ” አለ አስተማሪው ሰዓቱን አይቶ። በንዴት አልነበረም። “የእኔም ሥልጣን እስከዚህ ነው። ይቅርታ።”

ልብስ ሰፊው በሩን ገፋው። ሁሉም ዞሮ ሽርጡንና በእጁ የያዘውን ሹል ብረት አየ።

“አቤት፣ ምን ፈለጉ?” አለ አስተማሪው።

ወንድሙን ጠርቶ ኮሪደር ላይ ሹክ ሊለው ይችል ነበር። ሳይነጋገር ጃኬቱን ተቀብሎ ፍላሹን ከቦርሳው እንዳገኘ ሊያስመስልም ይችል ነበር፤ እጁ ለዚያ አይሰንፍም። ከዴስክ ስር የምትወጣውን ልጅ አየ፤ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል።

“ልጁ አልጣለውም፣ መምህር” አለ። “እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ኪሱ ውስጥ ሰፋሁበት።”

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሙ ነው። “ጋሼ!” አለና ደረቱን ዳበሰ፤ ፍላሹን ሲነካው ጊዜ ይበልጥ ሳቀ። ክፍሉ ተከተለው። ልብስ ሰፊው ሳቁን እንደ ድሮው ለመጥላት ሞክሮ ነበር፤ ጊዜ አልነበረውም፤ ጃኬቱን ገልብጦ መተርተር ጀመረ። ስፌቱ ጥብቅ ነበር። የራሱ እጅ ሥራ ነውና መፍታቱ አስለፋው።

ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ኮሪደር ላይ ቆሞ በበሩ ክፍተት አየው። ልጁ ግድግዳው ላይ የበራውን ንድፍ ያስረዳል፤ ለአንድ ትንሽ ክሊኒክ ደረጃውን ትቶ ለስለስ ያለ አቀበት አድርጎበታል። ሁለቴ ከመንገዱ ወጥቶ ስለ ውሃ መውረጃ አወራ። አስተማሪው በሁለቱም ጊዜ አልመለሰውም፤ ጠየቀው እንጂ።

ልጁ ሲወጣ ግንባሩ በላብ ረጥቦ ነበር።

“ተቀበሉህ?”

“ተቀበሉኝ። ውሃ መውረጃውን ጽፈህ አምጣ አሉኝ።” ላቡን ጠረገ። “ጋሼ፣ በስልክ ለምን አልነገርከኝም? በጥርሴም ቢሆን እቀደው ነበር።”

“አፌ አልታዘዝ አለኝ።”

ልጁ አልተቆጣም። ያ ነው ልብስ ሰፊውን የከበደው። እስከ በሩ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።

“እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለ ልብስ ሰፊው። “ስጠራህ ሳትሰማኝ ስትቀር፣ የት ነው የምትሄደው?”

“የትም አልሄድም እኮ። እዚያው ነኝ። ግን ሁሉም ነገር እኩል ይጠራኛል። ያንተ ድምፅም፣ ክሩም፣ ዝንቡም። ያላየሁት ነገር ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ነው። ኪሶቹን ልትዘጋቸው ስትል እኮ ብዬህ ነበር፤ የሚቀረውም አንድ ኪስ ውስጡ አይታየኝም ብዬህ ነበር።”

“መቼ?”

“ትናንት። ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ከዚያ ሸሚዝ አነሳህ።”

በሩ ላይ ዘበኛው ሜትሩን ሊመልስለት የራሱን ወገብ እየለካበት ጠበቃቸው።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ የተጀመረው ቀሚስ፣ የተጀመረው ሸሚዝና ዚፑ የወለቀው ቦርሳ እንደተደረደሩ ነበሩ። ሁሉንም ገፋ አድርጎ ከመጋረጃ የተረፈ ነጭ መረብ ጨርቅ ዘረጋ፤ ጣቶቹን ከስሩ አስገብቶ አየ። አንድ በአንድ ይታያሉ።

“ለምንድን ነው?” አለ ልጁ።

“ለጃኬትህ። ከውጭ ነው የማደርገው፤ ቁልፍህም ፍላሽህም ይታይሃል። ሰው ቢስቅ ይሳቅ።”

በኖራ አሰመረ፤ በመቀስ ቆረጠ። ጨርቁን አጥፎ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ቆመ። ጠዋት ኮሌጁ በር ላይ መታወቂያውን ሲፈልግበት የነበረውን ሽርጡን አየ። ጨርቁን መልሶ ዘረጋና፣ ቀና ሳይል፣ ሁለተኛ ኪስ ቆረጠ።

“ይሄስ የማን ነው?” አለ ልጁ።

“ያንን ነጭ ክር አቀብለኝ” አለው፤ ሁለተኛውን መረብ የራሱ ሽርጥ ላይ አስደግፎ በመርፌ እየያዘው።