የመሳቢያው ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ በሚንጠለጠለው ሜትር ጫፍ ቋጠረችው። አንዴ ካለች አለች ናት፤ ጨርቅ ስትቆርጥ እንኳ መቀሷ መሃል ላይ አይቆምም።

ነገሩን ያመጣው የምሳ ሰዓቱ ወሬ ነው። ልጇን ልትወስድ መዋዕለ ሕፃናት ስትሄድ አስተማሪዋ እየሳቀች፣ «ከጓደኞቿ ጋር ተጫውታ ስትጨርስ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ‹ቪዲዮውን ከወደዳችሁት ላይክ ማድረግ እንዳትረሱ› ትላቸዋለችኮ» አለቻት። እናት አብራ ሳቀች። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስልክ ላይ ከምታያቸው የማታውቃቸው ሰዎች ንግግር ስትቀዳ፣ ከገዛ እናቷ ጋር የልቧን ካወራች ስንት ጊዜዋ? ይሄ ስልክ ልጄን ሊወስድብኝ ነው ብላ ፈራች።

ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ አኮረፈች። እናት በጄ አላለችም። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ፤ ስልኩ አይደለም» አለቻትና ወደ ሙሽራ ቀሚሱ ዞረች። ሙሽራዋ አሥር ሰዓት ላይ ልትለካው ትመጣለች፤ ጠርዙ ገና አልተሰፋም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊቷን ታጫውታለች። እናት ኮራች። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ያን ያህል የተፈራው። ጆሮዋን ወደ ታች ጣል አደረገች።

«እንኪ፣ እሱን እያየሽ ቁጭ በይ» ትላለች ልጅቷ፣ ጠፍጣፋውን የጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔ እንደ ስልክ አሻንጉሊቷ ጭን ላይ እያስቀመጠች። «አትነዝንዢኝ። እማዬ ሥራ አለባት። ቆይ ብዬሻለሁ፣ ቆይ።»

የእናት እግር ከመርገጫው ላይ ተነሣ። ይህ ከየትም ቪዲዮ የመጣ አይደለም። ድምፁም፣ ትንፋሹም፣ ‹ቆይ› ሁለት ጊዜ መባሉ ሳይቀር የራሷ ነው። ልጅቷን ስልክ ያስለመዳትስ ማን ሆነና? አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

እፍረቷን ታቅፋ የምትውል ሴት ግን አይደለችም። ቀሚሱን ወንበሩ ላይ አጋድማ፣ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

«ለእኔ ቦታ አለ?»

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ሥራሽን ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

«እና?»

«እናማ መጣሁ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጠመኔውን ከአሻንጉሊቷ ጭን ላይ አንሥታ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ስጪኝ። የሷም ስልክ ይቆለፍ።»

መሳቢያው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እናት አመነታች፤ ቢሆንም ቋጠሮውን ፈታ ሰጠቻት።

ልጅቷ ወጥታ መሳቢያውን እንደከፈተች ስልኩ ጮኸ። ሙሽራዋ ሳትሆን አትቀርም። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች ቆማለች፤ የምታየው ግን ስልኩን አይደለም፣ የእናቷን እጅ ነው።

እናት እጇን ሰደደችና አሻንጉሊቷን ከወለሉ ላይ አንሥታ ታቀፈቻት።

«ይቺ ልጅ» አለች፣ «ምሳዋን በልታለች?»